ላዩ የጮኸው ሶሌታ

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ሕመሙ ትንሽ ራራልዎት? የግራ ጆሮዎስ? እናቴ የደም ግፊቷ ወረደላት ወይ? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች ወይስ እንደ ልማዷ ለራስ ምታትም ለወገብም ይሆናል እያለች ለጎረቤት ታድላለች? ታናሽ እህቴ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? የጓሮው አጥርስ ከወገብ በላይ ወጣ ወይስ ድንጋዩ አልጣመኝም እያሉ ዛሬም የሠሩትን ያፈርሱታል? ከእናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ የደብዳቤ ወጉም እንዲያ ነበር። ዘንድሮ ግን አልሆነልኝም።

እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ወንድም ጋሼም ለጤናው ደህና ነው፤ ምራትዎም የልጅ ልጅዎም ደህና ናቸው። በጤና ነገር አልዋሽዎትም፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎት ከዚህ በታች ያለውን ሲያነቡ እንዳይደነግጡብኝ ነው።

ነገሩን ከጫፉ ልንገርዎት። ወንድም ጋሼ ሙያውን ሊተው ነው። መዶሻውን በአሮጌ ሸሚዝ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከትቶታል። ሰኞ የሚጠብቀው ሥራ አለ፤ አልገባም ብሏል። እኔ ብናገር አይሰማኝም፣ ሚስቱ ብትናገር አይሰማትም። የሚሰማው የእርስዎን ቃል ብቻ ነው፤ እሑድ እንደ ወትሮው ሲደውልልዎ የሚሉት ነገር ወይ ይመልሰዋል ወይ ጭራሹን ይጥለዋል። በስልክ ያልነገርኩዎት ስልኩን የሚይዘው እሱ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም እርስዎን በስልክ ለማነጋገር መጮህ ያስፈልጋል፣ ይህ ደግሞ ተጮኾ የሚነገር ነገር አይደለም። ደብዳቤውን የመሥሪያ ቤታችን የጭነት መኪና ሹፌር ይዞልኝ ይመጣል፤ ቅዳሜ እጃቸው ላይ አደርሳለሁ ብሎ ምሎልኛል። እንግዲህ መነጽርዎን ያድርጉና ይቀመጡ፤ እናቴም አጠገብዎ ትሁን።

እንደሚያውቁት እኔ የምሠራው ኮንክሪት እየተቀነባበረ በመኪና ወደ ሕንፃዎች በሚላክበት ቦታ፣ በመፈተሻው ክፍል ውስጥ ነው። ከየመኪናው ጥቂት ጥቂት እቀዳና በብረት ሣጥን ሞልቼ ኩብ አወጣለሁ። ኩቦቹን ለብ ያለ ውሃ ገንዳ ውስጥ አስተኛቸዋለሁ፤ ቀናቸው ሲደርስ ደግሞ በመጭመቂያው ማሽን እሰብራቸውና ምን ያህል ሸክም እንደቻሉ እናገራለሁ። ወንድም ጋሼ ሲቀልድብኝ፣ እኔ ስገነባ እውላለሁ አንቺ ስትሰብሪ ትውያለሽ፣ ማታ ግን አንድ ገበታ ላይ እንቀርባለን ይላል። ይል ነበር ልበል።

ከጥቂት ወራት በፊት መሥሪያ ቤታችን በሲሚንቶው ላይ አመድ መጨመር ጀመረ። የምድጃ አመድ እንዳይመስልዎት። ከከተማው ዳር ከሰል እያነደደ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ አለ፤ ከጭስ ማውጫው ተጣርቶ የሚቀረው አመድ ከዱቄት የላመ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ተራራ ተከምሮ፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር የሰፈሩን ሰው ያስለው ነበር፤ የታጠበ ልብስ ውጭ የሚያሰጣ ሰው አልነበረም። አሁን ከሲሚንቶው ሲሶውን ያስቀሩና በምትኩ ያንን አመድ ያስገባሉ። ለመሠረት ሥራ ደግሞ ከብረት ማቅለጫው የሚወጣውን ዝቃጭ ፈጭተው የሚጨምሩበት ጊዜ አለ። ይህን ወሬ ይዤ እቤት የገባሁ ቀን ወንድም ጋሼ በሳቅ ፈነዳ፤ አመድ በዱቄት ይስቃል ሲባል ሰምቻለሁ፣ በሲሚንቶ ሲስቅ ግን ገና አሁን ማየቴ ነው አለ። እውነት ለመናገር እኔም በልቤ ሲሚንቶ ለመቆጠብ የመጣ ዘዴ ነው ብዬ ነበር። ኩቦቹን መስበር ስጀምር ነው አፌን የያዝኩት። ጊዜ ከተሰጠው ከንጹሁ ሲሚንቶ አይተናነስም፣ አንዳንዴም ይበልጣል፤ ውሃም በቀላሉ አያሳልፍም።

የክፍላችን ኃላፊ የሆነችው መሐንዲስ እንዳስረዳችኝ አመዱ ለብቻው አይጠነክርም። ሲሚንቶው ውሃ ጠጥቶ ሥራውን ሲጀምር ከሚተፋው ኖራ ጋር ቀስ እያለ ይያያዛል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ቀስ እያለ የሚለው ላይ ነው። በሙቀት ጊዜ ጥቂት ይዘገያል፤ በብርድ ጊዜ ግን እናቴ እንግዳ ስትሸኝ ማለት ነው፣ በር ላይ ተደርሶም አያልቅም።

አመድ የገባበት ኮንክሪት ወንድም ጋሼ ፎርማን ወደሆነበት ሕንፃ ሄደ። የሚሠሩት ሐኪም ቤት ነው፤ ከታች ሕመምተኛ ቁጭ ብሎ ተራ የሚጠብቅበት ሰፊ አዳራሽ አለው፣ መሐሉ ላይ አንድም ዓምድ የለበትም። የዚያን አዳራሽ ጣሪያ የሚሆነውን ሶሌታ የሞሉት ብርዱ በጠናበት ሳምንት ነበር። በሰባተኛው ቀን ኩቡን ሰበርኩት። ከሚፈለገው እኩሌታ እንኳ አልደረሰም።

እራት ላይ ነገርኩት። ቀስ ብዬ ብነግረው ደህና ነበር፤ የዚች ልጅ ምላስ ሚስማር ይነቅላል የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። ሚስቱ እየሰማች፣ ሶሌታህ ገና ሊጥ ነው አልኩት። እሱም ኩቦችሽ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተንጋለው የሚውሉ ቅምጥሎች ናቸው፣ የኔ ሶሌታ ሜዳ ላይ ነፋስ ሲጠጣ ነው ያደገው አለኝ። ቅምጥሉ እንዲህ ከሆነ ሜዳ ላይ ያደረው ምን ሊሆን ነው ብዬ መለስኩለት። ትክክል ነበርኩ፤ ግን ያን ጊዜ ትክክል መሆኔ ምንም አልረባም፣ አፉን ሳይሆን ልቡን ዘጋሁት። ሶሌታ በወረቀት አይሰማም፣ በጆሮ ነው የሚሰማው፣ አባቴ ያስተማረኝ ይህን ነው ብሎ ገበታውን ጥሎ ተነሣ።

የእርስዎን ትምህርት ለእርስዎ መድገም ድፍረት ይሆንብኛል፤ ነገሩ እንዲገባዎት ግን ልድገመው። ሶሌታ በመዶሻ ሲመቱት ከጮኸ ደርሷል፣ ካጉረመረመ ይቆይ። ሁለታችንም ይህን ሰምተን ነው ያደግነው። ሰው ሲጠራዎት የማይሰማው ጆሮዎ ሶሌታ ሲጠራዎት መቼ አምልጦት ያውቃል። ወንድም ጋሼም ይህን ጆሮ ከእርስዎ ወርሷል፤ በሄደበት ሁሉ የተከበረበት ነው።

ደግሞ ችኩል ነበር ብለው እንዳይፈርዱበት። ኮንትራክተሩ የመብራት ሠራተኞቹ ደጅ ቆመውብኛል፣ አዳራሹን ልቀቅልኝ እያለ ጠዋት ማታ ሲወተውተው፣ እሱ ግን ለብርዱ ብሎ ሶሌታውን ከሥር የተሸከመውን ድጋፍ ሳያነሣ ከእርስዎ ልማድ በላይ ቀን ጨምሮ ጠበቀ። ከጭነቱ ጋር የሄደው ወረቀት ግን ሃያ ስምንት ቀን ይቆይ ይላል። ኮንትራክተሩ አይቶት ኪሱ ከተተው፤ ወንድም ጋሼም ጆሮ እያለኝ በወረቀት አልመራም ብሎ ተወው።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነይ ላሳይሽ ብሎ ወሰደኝ። ሶሌታው ላይ ወጣን። ተንበረከከና ከዳር ጀምሮ እስከ ዳር መታው። ጮኸ አባባ። በየደረሰበት ጥርት ብሎ ጮኸ። እኔም በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። ያኔ ኩቤን ተጠራጠርኩ፤ ስቀዳ ወይ ስሞላ አበላሽቼው ይሆናል ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ሊያሾፍብኝ ይችል ነበር፣ አላሾፈም። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ይኸው አለኝ።

ድጋፉ በሚነሣበት ቀን ጠዋት አውቶቡስ እየጠበቅሁ ሳለ ለሳኛቸውን አገኘሁት። ሐር እጅ ነው የሚሉት፤ እጁ ያረፈበት ወለል መስታወት ይሆናል። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሰው ሳያስቅ የማይሰናበት ሰው ነው። እንዴት አደርሽ የአመዷ እመቤት አለኝ። ከዚያ ያ የናንተ ሶሌታ እንዴት ያለ ሰነፍ ነው፣ የሞላነው ዕለት እስከ ማታ አልደርቅም ብሎ ውሃ አቁሮ ተኛብን፣ በስንት መከራ አነቃሁት አለ። እንዴት አድርገህ ነው ያነቃኸው አልኩት። ምን ችግር አለው፣ ንጹህ ሲሚንቶ ነሰነስኩበት፣ ውሃውን ምጥጥ አደረገልኝ፣ አለሰለስኩትና ወደየቤታችን ገባን አለ። ወንድም ጋሼ ያን ሰዓት ታች ከመኪናዎቹ ጋር ስለነበረ አላየም። ማን ፈቀደልህ ስለው ግን ግራ ተጋብቶ አየኝና፣ ይህማ ራሱ ወንድምሽ ያስተማረኝ አይደለም እንዴ፣ እሱም ካባቱ ነው የተማረው አለኝ።

ገባዎት አይደል አባባ? ከላይ ያለው ስስ ቅርፊት ንጹህ ሲሚንቶ ነው፤ በጊዜው ጠንክሯል። መዶሻው ያገኘው ያንን ነው። ከሥሩ ያለው ግን ገና ጊዜውን እየጠበቀ የተኛ ነው። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ። የጮኸው ቅርፊቱ ነበር፤ ሰዎቹ የሚገቡት ግን ከሥር ነው።

ሐር እጅን እጅጌውን ይዤ ጎተትኩት። ያገኘነው ታክሲ ውስጥ ገባን፤ ለወንድም ጋሼ እደውላለሁ፣ አያነሣም። መንገዱ ተዘጋግቷል። ሹፌሩ እኅቴ እኔ ክንፍ የለኝም ይለኛል። መጨረሻ ላይ ወርደን ሮጥን፤ እኔ ሮጥኩ፣ ሐር እጅ እያለከለከ ተከተለኝ። ስደርስ ሠራተኞቹ ሁሉ ደጅ ቆመዋል። የእርስዎን ደንብ ያውቁታል፤ መጀመሪያ ከሥሩ የሚቆመው የሠራው ሰው ነው፣ ሌላው የሚገባው እሱ ግቡ ሲል ነው። ካፖርቱ በሩ ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጠራል። የምደውለው እኔ ነኝ።

አዳራሹ ውስጥ ድጋፉ እንደ ደን ቆሟል። ወንድም ጋሼ መሐሉ ላይ ነው። ሁለቱን አውጥቶ ሦስተኛው ጋ ደርሷል፤ መዶሻውን አንሥቷል። ሲሚንቶ ነስንሰውበታል፣ የጮኸው ላዩ ብቻ ነው ብዬ እሪ አልኩ። ዞር ብሎ አየኝ፤ እጁ ግን ቀድሞት ወርዶ ነበር። ከድጋፉ እግር ሥር ያለው ሽብልቅ ተስፈንጥሮ ወጣ።

ከላያችን ድምፅ መጣ። መሰንጠቅ አይደለም፤ ከባድ ሰው አሮጌ አልጋ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ዓይነት ነው። በጣውላዎቹ መጋጠሚያ አቧራ ፈሰሰ። ዙሪያውን ያሉት ድጋፎች ሸክሙ ዞሮባቸው መንቋቋት ጀመሩ። ወንድም ጋሼ ውጪ ብሎ ጮኸብኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም። ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽዎትም። እግሬ ቢታዘዝልኝ እወጣ ነበር፣ እምቢ አለኝ። መውጣት ሲያቅተኝ የወደቀውን ድጋፍ አቅፌ አቆምኩት። እሱም ከእኔ ጋር መሟገቱን ተወና ተንበርክኮ ሽብልቁን መመለስ ጀመረ። በመታ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከዚያ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ ሳይጠሩ መጡ፣ ሐር እጅ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ። ማንም ማንንም አላዘዘም። አንዱ ድጋፍ ይሰጣል፣ አንዱ ያቆማል፣ አንዱ ይመታል። ስንጨርስ የሁላችንም ፊት በአቧራ አንድ ዓይነት ሆኗል። ሶሌታው ዝም አለ። መሐሉ ላይ ክር የምታክል ስንጥቅ ቀረች፤ ከዚያች በቀር የሆነ ነገር የለም። ወጥተን ደጅ ስንቀመጥ ሐር እጅ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ወንድም ጋሼ አላለቀሰም፤ መዶሻውን እያየ ብቻ ቁጭ አለ።

ኮንትራክተሩ እየሮጠ መጣ። ገና ሳይጠይቅ፣ ይኸው አመዳቸው፣ ቆሻሻቸውን አምጥተው ደፉብን፣ እንዲህ ነው ብለህ ለሁሉም ተናገር አለው ወንድም ጋሼን። ራሱን ቢነቀንቅ በቃ ነበር፤ ጥፋቱ ወደ እኛ መሥሪያ ቤት ዞሮ እሱ ነጻ ይወጣ ነበር፣ እኔም ምናልባት ዛሬ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። እሱ ግን አመዱ ምን አደረገ፣ ጊዜ ስጡኝ አለ፣ ከለከልኩት አለ። የሐር እጅን ስም አላነሣም። ያን ሰዓት ወንድሜ በመሆኑ ደረቴ ሞላ፤ አሁንም ስጽፈው ይሞላል።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲሷ መጥታ ሶሌታውን በመሰርሰሪያ አስበስታ ከውስጡ ናሙና አስወጣች። ናሙናውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። አመዱ ሥራውን ይዟል፤ ሃያ ስምንቱ ቀን ሲሞላ ከሚፈለገው አልፎ ተገኘ። ስንጥቋም ተሞልታለች። ሰኞ ድጋፉ ይነሣ ተብሏል። ኮንትራክተሩም በረድ ብሎ፣ ያለ እሱ ሠራተኞቹ እንደማይገቡ ሲያውቅ፣ ይምጣና ያንሣ ብሎ ልኮበታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ እግዜር ይመስገን ይሄኛው የሚለቀም ሆነ ብዬ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ወንድም ጋሼ ግን አልገባም አለ። ስድስት ሰው ከሥሩ ላስገባ ነበር ይላል። ነገ ሌላ ሶሌታ ብመታ የሚጮኸው ላዩ ይሁን ውስጡ በምን አውቃለሁ፣ ጆሮዬን ካላመንኩት ሌላ ምን አለኝ ይላል። ጠይቀህ፣ ጠብቀህ፣ አስፈትሸህ ታውቃለህ ስለው እንደ ሕፃን ልጅ ወሬ ያልፈኛል። ሠራተኞቹ እቤት ድረስ መጥተው ለመኑት፤ አስተናግዶ ሸኛቸው። ሰኞ እሱ ካልገባ ኮንትራክተሩ ከሌላ ቦታ ሰው ያመጣል፤ ወንድም ጋሼ ደግሞ ሻንጣውን ከአሁኑ አውርዶታል። ወደ እናንተ ሊመጣ ነው። ቢመጣ ቤቱ ነው፣ ማን ይከለክለዋል። ግን እንደተሸነፈ ሰው በበሩ ሲገባ እንዲያዩት አልፈልግም።

ባለፈው እሑድ የደወለልዎትን ያስታውሱ። እርስዎ ምን ያውቃሉ፤ ሶሌታው እንዴት ሆነ፣ መትተህ ሰማኸው ወይ ብለው ጮሁ። አዎ አባባ፣ ሰማሁት አለዎት። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። አልተቋረጠም ነበር። ስልኩን ዘግቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ወንድም ጋሼ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ሚስቱ ልጁን ይዛ ወጣች፤ እኔ የምይዘው ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ።

አባባ፣ አሁን የምለምንዎትን ድፍረት አድርገው እንዳይወስዱብኝ። ስታሳድጉን እርስዎ አላውቅም ሲሉ ሰምተን አናውቅም። ልጆች ሳለን የምንመካው በዚያ ነበር። ዛሬ ግን ወንድም ጋሼን የሚጎዳው ይኸው ነው፤ አባቴ ቢሆን ይለየው ነበር ብሎ ያምናል። ሌት ተቀን የሚያብሰለስለው ይህንን ነው። ይለዩት ነበር? እኔ እንደማስበው አይለዩትም ነበር። ነስንሶ ማለስለስንም መትቶ መስማትንም ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ሁለቱም ደህና ትምህርት ነበሩ፣ አንድ ቀን እንኳ አልተጣሉም። ይህ አመድ ሲመጣ ግን አንዱ ሌላውን ሸፈነው። እርስዎ እዚያ ቢሆኑ፣ እርስዎም ተንበርክከው ይመቱት ነበር፣ እርስዎም ግቡ ይሉ ነበር። ይህን ከእኔ ቢሰማ ማጽናኛ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከእርስዎ አፍ ከሰማው ግን ያምናል።

ሰኞ እኔም ፈቃድ ጠይቄ እሄዳለሁ። ቁጥሩን አይቼ፣ በገዛ እጄ ሰብሬው፣ አሁንም እፈራለሁ፤ ፍርሃት ቁጥር አይሰማም። ወንድም ጋሼ ከገባ ግን አብሬው እገባለሁ። ለእናቴ ይህችን መስመር ቢዘሉላት ደስ ይለኛል፤ አጠገብዎ ሆና እያነበበች ከሆነ ግን አልቋል፣ እማዬ አይዞሽ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ።

ለእናቴ ጉልበቷን ስሜያለሁ በሉልኝ። ለታናሽ እህቴ ደብተር ማየት ትታ ስልክ ማየቷን ከዚህ ሆኜም እንደማውቅ ንገሩልኝ፤ የጠየቀችኝ ጫማ በሹፌሩ እጅ መጥቷል። ለአክስቴ ስለ ወገቧ ጠይቃለች በሉልኝ። ለአጎቴ አሁንም አጥሩ ላይ ከእርስዎ ጋር የሚከራከር ከሆነ በርታ ብላለች በሉልኝ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ በየበራቸው ሰላምታዬ ይድረስ። ምራትዎ እግርዎን ስማለች፤ የልጅ ልጅዎ ሁለት የፊት ጥርሶች አውልቋል፣ ለአያቴ ልላክ ብሎ አስቸግሮን ነበር። ወንድም ጋሼ ደብዳቤ መጻፌን አያውቅም፤ የእሱን ሰላምታ እኔ በስሙ ልኬያለሁ።

እሑድ ሲደውል ስለ ሶሌታው አይጠይቁት። ይህን ብቻ ይበሉት፦ «እኔም ብሆን እመታው ነበር፤ ለእኔም ይጮህልኝ ነበር።» እንደ ልማድዎ ጮክ ብለው ይበሉት አባባ፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ልስማው።

አክባሪ ልጅዎ

ከወንድም ጋሼ ቤት፣ ከጋራዡ በላይ ካለው ክፍል
ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ብርዱ መልቀቅ በጀመረበት ሳምንት